እድሳት ወይስ ጥገና?

የሺ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቻችን። ከደብረ ማርቆስ ነን። እኔ የሺ ነኝ፣ አጠገቤ ጋሽ ታደሰ አሉ። ጋሼ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት አይቼ ነበር። ሲከፈት የድሮው የእንጨት በር የለም፣ መደርደሪያው የለም፣ ሁሉም መስታወት ሆኗል። ይሄ እድሳት ይባላል?

ታደሰ፦ በቃሉ ከሄድንማ ይባላል። «አደሰ» ማለት አዲስ አደረገ ነው። ግዕዙ «ሐደሰ» ይላል፣ በሐመሩ ሐ። «ሐዲስ ኪዳን» ስንል ያቺ ሐ እስካሁን አለች። አማርኛ ላይ ሲደርስ ለዘበና አዲስ፣ አደሰ፣ እድሳት ሆነ። ዕብራይስጡም አዲስን «ሐዳሽ» ነው የሚለው።

የሺ፦ አባቴ ዳዊት ሲደግም «ወመንፈሰ ርቱዐ ሐድስ» ይል ነበር።

ታደሰ፦ እሱው ነው! መዝሙር 50። የቀናውን መንፈስ አድስልኝ ማለት ነው። «ተሐድሶ»ም ከዚያው ይወጣል። ስሜም እንደዚያው። ከእኔ በፊት የተወለደው ልጅ ሞቶባቸው ነበር፤ እኔ ስመጣ ታደሰ አሉኝ።

የሺ፦ ይሄን ነግረውኝ አያውቁም እኮ፣ ጋሼ።

ታደሰ፦ ስሜን እወደዋለሁ። ለአሮጌ ነገር ግን «ጠገነ» የሚለውን እመርጣለሁ። ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ከዛፍ ወድቄ ክንዴ ተሰበረ። ወጌሻው በቅቤ አሸኝ፣ አጥንቱን ገጠመ፣ ቀርከሃ ሰንጥቆ ዙሪያውን አሰረው። መጠገን ማለት እሱ ነው። ሌላ ክንድ አላመጣልኝም፤ የራሴኑ መለሰልኝ። ይኸው ንኪው፣ እብጠቷ ዛሬም አለች።

የሺ፦ አዎ፣ አለች! እናቴ ግን ቀሚሷን ጣፍኩት እንጂ ጠገንኩት አትልም።

ታደሰ፦ ልብስማ በእራፊ ይጣፋል። አጥንት ይጠገናል፣ ድልድይም ይጠገናል። ሞጣ አካባቢ ያለውን ሰባራ ድልድይ ታውቂዋለሽ?

የሺ፦ ዓባይ ላይ ያለው፣ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘው?

ታደሰ፦ አዎ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ወቅት መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው በገመድ ነበር የሚሻገረው። ከወዲህና ከወዲያ ጉልበተኞች ቆመው፣ ወገቡን አስረው ይስቡታል። ከታች ዓባይ ነው እንግዲህ። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ ላይ ብረት ተገጠመለት። የፋሲል ድንጋይ ባለበት ቀረ፣ የጎደለው ብቻ ተሞላ። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ ደስ ይለኛል።

የሺ፦ ብረቱ አሁንም አለ?

ታደሰ፦ የለም፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። ኋላ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ።

የሺ፦ ስሙስ?

ታደሰ፦ ብረቱ ተገጥሞለት እንኳ ሰዉ ሰባራ ድልድይ ነበር የሚለው። ዛሬም እንደዚያው ነው።