45 ሴንቲሜትር እስኪሞላ

የተከበራችሁ የግብርናና የደን ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንዲሁም ከቡና አምራች ወረዳዎች ድረስ መጥታችሁ የተገኛችሁ አርሶ አደሮች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ሩቅ አገር ነው። ስለ ኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት ላይ ስላለችው ስለ ጃምቢ፣ እዚያም በጥቂት ሄክታር ላይ የጎማ ዛፍ ተክለው ልጆቻቸውን ስለሚያሳድጉ ገበሬዎች። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሩቅ ነው ብላችሁ ጆሯችሁን እንዳትነፍጉኝ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ2015 የዓለምን ዝናብ የሚያዛባው ኤልኒኞ ተነሣ። እኛ ዘንድ ዝናቡ ቀረ፤ ከብት አለቀ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆኑ። በዚያው ዓመት፣ ያው ኤልኒኞ ኢንዶኔዥያን አደረቃትና ነደደች። በጥቂት ወራት ውስጥ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ደን፣ ረግረግና እርሻ ተቃጠለ። የዓለም ባንክ ኪሳራውን ወደ 16 ቢሊዮን ዶላር ገመተው። በ2019 እሳቱ ተመለሰ፤ በመስከረም ወር አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ሰዓት፣ በዚያችው በጃምቢ፣ ሙዋሮ ጃምቢ በምትባል ወረዳ፣ ሰማዩ ከጭሱ የተነሣ ደም መስሎ ዋለ። የእኛን ከብት የገደለው ድርቅና የእነርሱን ዛፍ የበላው እሳት ከአንድ ማሕፀን ወጥተዋል። ስለዚህ ስለ ጎረቤት እንደምትሰሙ ሆናችሁ ስሙኝ።

የጎማ ገበሬ ሥራ የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የዛፉ ወተት ይሰንፋል፤ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ግን በርትቶ ይፈስሳል። ስለዚህ ገበሬው ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ፣ አፏ ቆልመም ያለች ቢላዋ ይዞ፣ በጨለማ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሄዳል። የትናንቱን የደረቀ ክር ከቁስሉ ላይ ይነቅላል። ከዚያ ከቅርፊቱ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳች ሽፋን በሰያፍ ይልጣል። ትንሽ ጠልቆ እንጨቱን ከነካው ዛፉን ያቆስለዋል፤ ፈርቶ ላይ ላዩን ከሄደ ወተት አያገኝም። እጁ ልኩን ያውቃል። ነጩ ፈሳሽ በቦዩ ተንሸራቶ በኮኮናት ቅል ውስጥ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ እርሱ ወደ ቀጣዩ ዛፍ አልፏል። ዛፍ ማለብ ነው፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

የሀብቱ ሁሉ ቦታ እንግዲህ ቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ ደግሞ ስስ ነው። በዚያ ላይ የጎማ ዛፍ በደረቁ ወቅት ቅጠሉን ያራግፋል፤ እሳት በሚመጣበት ሰሞን ከሥሩ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ደረቅ ቅጠል ተነጥፎ ይጠብቀዋል። እሳቱ ትልቅ መሆን የለበትም። ከጉልበት ያልበለጠ ነበልባል በግንዱ ሥር አልፎ ቢሄድ ይበቃል። ጫፉ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፤ መንገደኛ አይቶት «ይህስ ተርፏል» ይላል። ቅርፊቱ ግን ተቀቅሏል።

አንድ አባወራ ከእሳቱ በኋላ ማሳውን ሲዞር አብሬው ነበርኩ። በቢላዋው ጫፍ የእያንዳንዱን ግንድ ቅርፊት ጥቂት ይፍቃል። ውስጡ እርጥብና ወተት የሚያቀርር ከሆነ መዳፉን ግንዱ ላይ ያሳርፋል። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ምንም ሳይናገር ያልፋል። አንዳንዱ በአንድ ጎኑ ሞቶ በሌላው ሕያው ነበር፤ እነዚያን በሳር ገመድ ምልክት አሰረባቸው፤ ባልተቃጠለው ጎን ይታለባሉና። ከሦስት ረድፍ በኋላ መፋቁን ተወው። ቆሞ ረድፉን እስከ ዳር ተመለከተና «የተከልኳቸው ልጄ በተወለደ ዓመት ነበር» አለኝ።

የጎማ ዛፍ ከተተከለ በኋላ ለመታለብ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ለ25 ዓመት ያህል ቤተሰብ ያኖራል። ቡና አምራቾች ይህንን ስሌት ታውቁታላችሁ። ያረጀ ቡና ጎንድላችሁ አዲሱ ግንድ እስኪያፈራ ያለፉትን ወቅቶች አስቡ፤ በዚያ ጊዜ ቤቱ በምን እንደተዳደረ አስቡ። ያንን ደግሞ እጥፍ አድርጉት፤ እጥፉንም ፈልጎ ያላመጣው ሰው ላይ በአንድ ሌሊት የወደቀ አድርጉት።

ላነሣው የመጣሁት ጉዳይ ይኸው ነው። ከእሳት በኋላ የምናደርገው እርዳታ እሳቱ የወሰደውን ነገር አይመስልም። እሳቱ የወሰደው ዓመታትን ነው፤ እኛ የምንሰጠው ችግኝ ነው። ችግኝ ርካሽ ነው፤ በአንድ ቀን በመኪና ተጭኖ ይደርሳል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሪፖርት ይጻፋል። እኔም ከጫኞቹ አንዱ ነበርኩ። በዓመቱ ስመለስ ችግኞቹን ያጣኋቸው ሞተው አይደለም፤ አላንግ አላንግ የሚሉት ስለታም ሳር ውጧቸው ነው። አራሚ አልነበራቸውም። ባለቤቱ በሰው የዘንባባ ዘይት እርሻ ላይ ቀን ሠራተኛ ሆኖ ሄዷል፤ ለእራት የሚሆን እህል መግዛት ነበረበትና። ያ ሳር በክረምት አድጎ በበጋ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ለቀጣዩ እሳት ማገዶ ነው። እርዳታችን እሳቱን መልሶ ጠራው ማለት ነው። ይህንን ስናገር እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ችግኝ?» መሆኑ ይቅር። «ይህ ቤተሰብ እስኪያልብ ድረስ በየዓመቱ ምን ይበላል?» ብለን እንጀምር። መልሱ በከፊል በዛፎቹ መካከል አለ። የጎማ ረድፎች ሰፊ ናቸው፤ ጥላው እስኪጋጠም ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ በመካከላቸው ሩዝ፣ በርበሬ፣ ኦቾሎኒ፣ አናናስና ሙዝ ይበቅላል። ጥቅሙ ድርብ ነው፤ ገበሬው ለበርበሬው ብሎ ሲያርም ችግኙም ይታረማል፤ ሳሩም ቦታ ያጣል። ነገር ግን ጥላው ከተጋጠመ በኋላ፣ በአራተኛውና በሰባተኛው ዓመት መካከል፣ መሬቱም አያበላ፣ ዛፉም አይታለብ። ማሳ የሚሸጠው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚወጣው፣ አራጣ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። የትኛውም የእርዳታ በጀት ግን ያን ጊዜ ድረስ ሲዘልቅ አላየሁም። ለገበሬው የሚሰጥ ብድር በእነዚያ ዓመታት መካከል መክፈያ የሌለው፣ ክፍያው ከመጀመሪያው አለባ የሚጀምር መሆን አለበት። ለአርሞና ለእሳት መከላከያ ጥርጊያ የሚከፈል የጉልበት ዋጋም በዚያው ይታሰብ።

ስለ ችግኙም አንድ ቃል። በጃምቢ ብዙው የገበሬ ጎማ ከዘር የበቀለ፣ ከደኑ ጋር ተቀላቅሎ ያደገ ነው፤ በሄክታር በዓመት ከ500 እስከ 600 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ጎማ ይሰጣል። ከምርጥ እናት ዛፍ የቡቃያ ዓይን ተወስዶ በሌላ ግንድ ላይ የተዳቀለው ግን በጥሩ እንክብካቤ ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይሰጣል። ሰው ሰባት ዓመት ከጠበቀ ለተሻለው ይጠብቅ። የተቃጠሉት ጉቶዎችም ከነሥራቸው ይነሡ፤ ሥር የሚያበሰብሰው ነጭ ፈንገስ ከጉቶ ወደ ችግኝ ይተላለፋልና።

በፒት አፈር ላይ ያለው ገበሬ ጉዳይ ሌላ ነው። ፒት ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የተከማቸ ዕፅዋት ነው፤ በቦይ ውኃው ሲወጣለት ይደርቅና እንደ ከሰል ይሆናል። እሳቱ ከመሬት በታች ለሳምንታት ይጤሳል፤ ሥሩ የተበላ ዛፍ ነፋስ ሳይነካው ይወድቃል። የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ2016 ባወጣው ደንብ የከርሰ ምድር ውኃው ከመሬቱ ወለል ከ40 ሴንቲሜትር በታች እንዳይወርድ አዟል፤ ቦዮቹ መገደባቸው ተገቢ ነው። የጎማ ዛፍ ግን እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም አይወድም። በጥልቅ ፒት ላይ ላለው ሰው «ጎማህን መልሰህ ትከል» ማለት ሌላ ሰባት ዓመት ማቃጠል ነው። እዚያ የአገሩ ተወላጅ የሆነው፣ ውኃ የሚችለውና እርሱም ወተት የሚታለበው ጀሉቱንግ የሚባለው ዛፍ ይሻላል፤ ገዢው ግን ከችግኙ በፊት ይፈለግ።

«እሳቱን የለኮሱት እነርሱ ራሳቸው አይደሉም ወይ?» የሚል በመካከላችሁ እንዳለ አውቃለሁ። አዎ፣ ገበሬ ማሳ ለመመንጠር እሳት ይለኩሳል። የ2009ኙ የኢንዶኔዥያ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ በባህሉ መሠረት ለሚያቃጥል ቤተሰብ እስከ 2 ሄክታር ይፈቅዳል፤ ዙሪያውን ጠርጎ፣ እሳቱን ጠብቆ። ረግረጉን በቦይ ያደረቁት፣ ያንን ትንሽ እሳት አገር አቀፍ ጥፋት ያደረጉት ግን የእርሱ እጆች ብቻ አይደሉም። ክብሪቱን ከእጁ የምንነጥቅ ከሆነ መመንጠሪያ ማሽኑን በእጁ እናስይዝ። ማሳው በራሱ ስህተት የነደደበት ሰውም ቢሆን ልጆቹ ይርባቸዋል።

ገበያው ደግሞ እሳት ባይኖርም ያቃጥላል። በ2011 መጀመሪያ ላይ ኪሎው ከ5 ዶላር በላይ የነበረው ጎማ በ2015 መጨረሻ ከ1.5 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። እሳቱ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ለብቻው የሚሸጥ ገበሬ ደላላው የሰጠውን ይቀበላል፤ በማኅበር ተደራጅተው ንጹሕ ጎማ በጨረታ የሚሸጡት ግን የተሻለ ዋጋ ያገኛሉ።

ከእኛ ቡና አምራቾች ጋር በቀጥታ የሚያገናኘንም አለ። በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጥበቃ ሕግ ጎማንና ቡናን በአንድ ዝርዝር አስፍሯል። ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል ሻጩ የማሳውን ቦታ በካርታ ማሳየት፣ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ያልተመነጠረበት መሆኑንም ማረጋገጥ አለበት። በሳተላይት ሲታይ የተቃጠለ ጎማና የተመነጠረ ደን ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የይዞታ ወረቀት የሌለው፣ ማሳው የነደደበት ገበሬ ጥፋተኛ አለመሆኑን በምን ያስረዳል? ወረቀቱ ከችግኙ ጋር አብሮ ይሰጠው። ለእኛም ገበሬዎች ዛሬውኑ ይሠራ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የጎማ ዛፍ ለመታለብ መድረሱ የሚታወቀው በዕድሜው ብቻ አይደለም፤ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የግንዱ ዙሪያ 45 ሴንቲሜትር ሲሞላ ነው። ያ አባወራ ለዚህ የሚሆን ገመድ በልኩ ቆርጦ በቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ነበር፤ ገመዱ ከእሳቱ ተርፏል። ፕሮጀክት ለምታቅዱ፣ ገንዘብ ለምትፈቅዱ፣ ነገ ተመርቃችሁ በዚህ ሥራ ለምትሰማሩ ሁሉ የምለው ይህንን ነው፤ «የፕሮጀክቱ ማብቂያ» በሚለው መስመር ላይ ቀን አትጻፉ። በማሳው ካሉት ዛፎች ግማሽ ያህሉን ያ ገመድ ዞሮ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ እስኪል ድረስ አብራችሁ ቆዩ። በሰባተኛው ዓመት አንድ ሌሊት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ባትሪ አስሮ ሲወጣ ተከተሉት።

አመሰግናለሁ።