የገመድ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፦ ብልሽቱ ከራውተሩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?

[በስክሪኑ ላይ፦ ከቤት ኮምፒውተር ጀርባ የተሰካ የኔትወርክ ገመድ]

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ፣ በተለይ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባሉት ባለ ወፍራም ግድግዳ አሮጌ ቤቶች፣ ዋይፋይ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መሻገር ያቅተዋል። ስለዚህ የቤቱን ኮምፒውተር በገመድ የሚያገናኝ ሰው ደግ ያደርጋል፤ ገመድን ግድግዳ አይበግረውም። ጭንቁ ገመዱ ዝም ያለ ቀን ነው። ያን ጊዜ አንዱ "ዊንዶውስ በአዲስ ይጫን" ይላል፤ ሌላው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። ሁለቱም ቸኩለዋል። አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ብልሽቱ ከራውተሩ ወዲህ፣ በኮምፒውተራችን በኩል ነው? ወይስ ከራውተሩ ወዲያ፣ በመስመሩ በኩል?

መለያው ስልካችሁ ነው። የሞባይል ዳታውን አጥፉ፤ ይህችን የሚረሳ ብዙ ነው። ዳታው እንደበራ ከተተወ ስልኩ በራሱ መስመር እየሠራ ያታልላችኋል። ከዚያ ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ በዋይፋዩ አንድ ገጽ ክፈቱ። አልከፍት ካለ ብልሽቱ ራውተሩ ላይ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው። ከከፈተ ወዲህ ነው።

የወዲያውን በአጭሩ እንጨርሰው፤ ከእኛ እጅ ብዙ የሚጠበቅበት አይደለም። ክፍያው መፈጸሙን አረጋግጡ። መስመራችሁ ፋይበር ከሆነና ሎስ (LOS) የተባለው መብራት ቀይ ከሆነ፣ ከመስመሩ የሚመጣው ብርሃን ራውተሩ ጋር እየደረሰ አይደለም። ቀጭኑ የፋይበር ገመድ በሶፋ እግር ተረግጦ ወይም በጣም ታጥፎ እንደሆነ እዩ። ጫፉን ነቅላችሁ ግን በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ የሚመላለስበት የሌዘር ብርሃን ነው። ራውተሩን አጥፍታችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ አብሩት። በዚሁ አጋጣሚ ዳንቴሉን ከላዩ ላይ አንሱለት፤ በድሬዳዋ ሙቀት ራውተር ልብስ አያስፈልገውም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተመለሰ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት፣ 994 ደውሉ። የትኛው መብራት በምን ቀለም እንደሚበራ ከነገራችኋቸው ነገሩ ይፈጥናል።

[በስክሪኑ ላይ፦ የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ቀዳዳ በቅርበት፣ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል]

አሁን ወደ ወዲህ እንመለስ። ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ ላይ በአብዛኛው ትናንሽ መብራቶች አሉ። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ እነሱ ጨለማ ከሆኑ ጥፋቱን ሶፍትዌር ውስጥ ለመፈለግ አትቸኩሉ። ገመዱን በሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ "ቀጭ" እስኪል ድረስ መልሳችሁ ስኩ። የጫፉ የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረ ገመዱ የተሰካ መስሎ ይላቀቃል። ራውተሩ ላይም ቀዳዳ ቀይሩ፤ ለቤት ውስጥ መሣሪያዎች በተዘጋጁት ላን (LAN) በተባሉት ውስጥ እንጂ ከውጭ ለሚመጣው መስመር በሆነው ዋን (WAN) በተባለው ውስጥ አትሰኩት። በመጨረሻ ጎረቤት ወይም ቤት ውስጥ የሚሠራ ሌላ ገመድ ካለ በእሱ ሞክሩ።

ስለ ገመዱ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በአራት ጥንድ ተጠምዝዘው ይገኛሉ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ለሚያስተላልፈው ግንኙነት አራቱ ሽቦዎች ይበቃሉ፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ከተቀሩት አራት አንዷ ብትበጠስ ብዙውን ጊዜ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፤ ፍጥነቱ ብቻ ወደ 100 ይወርዳል። ፈጣን ጥቅል ገዝቶ መስመሩን የሚያማርር ሰው ጥፋቱ አልጋው ሥር በተጨፈለቀ ገመድ ሊሆን ይችላል።

የቤት ውስጥ ገመድ በጣሪያ ላይ አልፎ ወደ ኋላ ቤት ሲዘረጋም እናያለን። ፀሐይ ልባሱን ታደርቀዋለች፤ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃ ይገባዋል። ለውጭ የተሠራ ገመድ ለብቻው አለ፣ እሱን ጠይቁ። ርዝመቱም ከ100 ሜትር እንዳያልፍ። ታይዋን ወደሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ገመድ ልትገዙ ስትወርዱ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ፦ ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል።

[በስክሪኑ ላይ፦ የዊንዶውስ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት (Command Prompt)፤ የአይፒኮንፊግ (ipconfig) ትእዛዝ አጻጻፍ]

መብራቱ እየበራ ኢንተርኔት ከሌለስ? ይህን መስኮት ክፈቱና የምታዩትን ትእዛዝ ጻፉ። የአይፒ አድራሻችሁ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበት ቁጥር፣ በ192.168 ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ አድራሻ ሰጥቷችኋል ማለት ነው። በ169.254 ከጀመረ ግን ኮምፒውተሩ ተራ ቁጥር የሚሰጠው አጥቶ ራሱ ጽፎ ኪሱ የከተተ ባለጉዳይ ሆኗል። ራውተሩንም ኮምፒውተሩንም አጥፍታችሁ አብሩ። ቢሮ የነበረ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ በእጅ የተሞላ አድራሻ ተረስቶበት ሊሆን ስለሚችል ቅንብሩን "በራሱ ያግኝ" ወደሚለው መልሱ።

አድራሻው ትክክል ከሆነ ራውተሩን (ቁጥሩ በዚያው መስኮት Default Gateway ከሚለው ፊት ለፊት አለ)፣ ቀጥሎ የጉግልን 8.8.8.8 ፒንግ አድርጉ፤ ማለትም በዚያው መስኮት ping ብላችሁ ቁጥሩን በማስከተል መልስ መስጠቱን እዩ። ቁጥሩ መልስ እየሰጠ ድረ ገጾች በስማቸው የማይከፈቱ ከሆነ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው የታመመው፤ በቅንብሩ ውስጥ 8.8.8.8 ብላችሁ ሙሉት።

ሁሉም መልስ እየሰጠ አሳሹ "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" እያለ ከከለከላችሁ ዓይናችሁን ወደ ቀኑ መልሱ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ኮምፒውተር የእናት ሰሌዳው (የማዘርቦርዱ) ክብ ባትሪ አልቋል፤ በአብዛኛው ሲአር 2032 የሚባለው ነው። ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞሉም አሉ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር የድረ ገጾቹ የምስክር ወረቀት ገና ያልጸና ይመስለዋል። ኮምፒውተሩን በጎርጎርዮስ ተዉት፤ የራሳችሁን አቆጣጠር ግድግዳው ላይ ስቀሉ።

መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ወይም መብረቅ ሲወርድ የኔትወርክ ቀዳዳው ራሱ ሊቃጠል ይችላል። በሚሠራ ገመድም መብራቱ ካልበራ፣ የኮምፒውተሩን ክፍሎች ከሚዘረዝረው የዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር (Device Manager) ውስጥም የኔትወርክ ካርዱ ስም ከጠፋ እሱን ጠርጥሩ። ስሙ ኖሮ ቢጫ ምልክት ካለበት ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር፣ በስልክ አውርዳችሁ ጫኑ። ከነጭራሹ ከሌለ እናት ሰሌዳ መቀየር አያስፈልግም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አስማሚ ይበቃል። ስትገዙ ጊጋቢት መሆኑንና የሚሰካበት ዩኤስቢ 3 መሆኑን ተመልከቱ።