ክፉ ወሬን ቶሎ ስለመናገር፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

ውድ አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሩቅ የመጣችሁም፣ ሥራችሁን ለሰው አደራ ብላችሁ የመጣችሁም፣ እዚህ ተቀምጣችሁ ስልካችሁን በየደቂቃው የምታዩትም። እንተዋወቃለን፣ ምንም አይደል።

በእንዲህ ያለ መድረክ ሰብሳቢ ምን እንደሚል የታወቀ ነው። ዓመቱ ፈታኝ ነበር፣ በኅብረት ተወጣነው፣ ጭብጨባ። ዘንድሮ እሱን ልዝለለውና እረፍት ላይ ጥግ ይዘን ብቻ የምናወራውን ላንሳ። ሥራ ሲበላሽ እኛ ምን እንሆናለን? ድርጅቱን አይደለም፣ እኛን ባለቤቶቹን ነው የምለው።

ውድቀት ያስተምራል ይባላል። እኔ ይሄ አባባል አይዋጥልኝም። ሁለቴ ከስሮ፣ ሁለቴም በዚያው ምክንያት የከሰረ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ጠይቁት፣ ገበያው ነው ይላል፣ ሠራተኛው ነው ይላል፣ ሸሪኬ ነው ይላል። ሊሆንም ይችላል እኮ! ገበያም ይከዳል፣ ሸሪክም ይከዳል። ግን መዝገቡን ገልጦ የራሱን ድርሻ ካላየ ያ ሁሉ ገንዘብ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ጃፓናዊውን ሶይቺሮ ሆንዳን እንውሰድ። ሞተር ሳይክሉን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ በፊት ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ሰውዬው የፒስተን ቀለበት፣ ሞተር ውስጥ የምትገባዋን የብረት ቀለበት፣ ሊያመርት ተነስቶ ነበር። ሙከራው አልሳካ አለው። ጎበዝ መካኒክ ነበር፣ የጎደለው ስለ ብረት ጠባይ ያለው ዕውቀት ነው፣ እሱ ደግሞ በእልህ አይሞላም። ስለዚህ የራሱ ጋራዥ ያለው ትልቅ ሰው ሆኖ ሳለ ተማሪ ቤት ገብቶ ብረታ ብረት ሊማር ከወጣቶች ጋር ተቀመጠ። ፈተና አልፈተንም ብሎ ያለ ዲፕሎማ ወጣ፤ ወረቀቱን አልፈለገውማ። ከዚያ ለቶዮታ 50 ቀለበት ለፍተሻ አቀረበ። ያለፉት 3 ናቸው። እንደገና ሊማር በየዩኒቨርሲቲውና በየብረት ፋብሪካው ዞረ፣ በመጨረሻም ተሳካለት። በኋላ ጦርነቱና በ1945 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ፋብሪካዎቹን አወደሙበት፣ የቀረውን ለቶዮታ ሸጠ፣ በ1948 ደግሞ ሆንዳ ሞተርን መሠረተ።

ይህን ያነሳሁት ነገ ሁላችሁም ሆንዳ ትሆናላችሁ ብዬ አይደለም። እንደሱ ለፍተው ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ስንት አሉ፣ ታሪክ የሚጻፈው ለተሳካለት ነው። እኔን የሚገርመኝ እነዚያ የተመለሱት 47 ቀለበቶች ናቸው። «እኔ አልረባም ማለት ነው?» ብሎ ሊቆዝም ይችል ነበር። እሱ የጠየቀው «የማላውቀው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ይሄኛው ጥያቄ መልስ አለው።

ወደ እኛ ልምጣ። ብዙ ሥራ የሚታነቀው ገበያ ጠፍቶ ሳይሆን ገበያ ደርቶ ነው። ዕቃ አቅራቢያችሁ ገንዘቡን በ30 ቀን ይፈልጋል እንበል። ደንበኛችሁ የሚከፍለው በ60 ቀን ነው። መሃል ላይ ያለውን 30 ቀን የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ። ትዕዛዙ አንድ ሲሆን ይቻላል። ትዕዛዙ እጥፍ ሲሆን ከኪሳችሁ የምትሸፍኑትም እጥፍ ይሆናል። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ትርፍ ይላል፣ ሰውም «ሥራ ደርቶልሃል» ይላል፣ የደሞዝ ቀን ሲደርስ ግን ባንክ ውስጥ ምንም የለም። አትርፎ መክፈል አለመቻል፣ ለማስረዳት ራሱ ያሳፍራል።

እዚህ ላይ ነው ሰውዬው የሚፈተነው። አቅራቢው ይደውላል። መጀመሪያ ቀን «ሰኞ» ይባላል። ሰኞ ሲደርስ «ባንክ አስቸገረን» ይባላል። ከዚያ ስልኩ ሳይለንት ይደረጋል። ከዚያ በሱ መንገድ ማለፍ ይቀራል። ሂሳብ ሠራተኛዋ የላከችው ሪፖርት ሳይከፈት ይከርማል። ቤት ውስጥ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲባል «ደህና ነው» ነው መልሱ፣ ፊት ግን ሌላ ይናገራል። አቅራቢው ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ እሱም የሚጠብቀው ባለገንዘብ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት «እጅ አጥሮኛል፣ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በወሩ መጨረሻ ልስጥህ» ብትሉት ምናልባት ተነጫንጮ ይስማማ ነበር። ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ ግን እውነቱን ብትነግሩትም አያምናችሁም፣ ዱቤውንም ይዘጋዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ለምን እንደብቃለን? እኔ እንደሚመስለኝ ራሳችንን ከሥራው ጋር ስለምናምታታው ነው። ሥራውና ሰውዬው አንድ ከሆኑ በመዝገቡ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ፍርድ ይመስላል፤ ፍርዱን ደግሞ ማን ደፍሮ ይከፍታል? ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ሲባል እኮ ሕጉ የድርጅቱን ኪስና የባለቤቱን ኪስ ለይቶ፣ ድርጅቱ ቢወድቅ ባለድርሻው የሚያጣው ያዋጣውን ነው ማለቱ ነው (በግሉ ዋስ ሆኖ ካልፈረመ በቀር፣ ይቺን ሳታነቡ አትፈርሙ)። ጭንቅላታችን ውስጥ ግን ይህን የሚለይልን ሕግ የለም፣ ራሳችን ነን የምንለየው። የለየ ሰው ቁጥሩን እንደ ቁጥር ያየዋል። ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ይሄን ያህል ወር የሚያቆየን አለን» ይላል። እኔ በሰው ላይ ዕድገት ብዬ የማምነው ይሄን ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣውም አንዴ ክፉኛ ከተጎዱ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ሁሉም ጉዳት አያሳድግም። ቤቱን ያጣ አለ፣ ጤናውን ያጣ አለ፣ እሱን «አይዞህ፣ ትምህርት ነው» ማለት ነውር ነው። ደግሞ መዝጋትም ሙያ ነው። የሠራተኛውን ደሞዝና የሰውን ዕዳ ለመክፈል የሚበቃ ገንዘብ እያለው በሩን የዘጋ ሰው፣ ሦስት ወር ለመሰንበት ብሎ ከዘመድ አዝማድ ከተበደረው ይልቅ አስተዋይ ነው። እንዲህ ያደረጉ አባላት ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ መቀመጣቸው ያኮራኛል።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ያለው ፕሮግራም ተቀይሯል። ተጋባዥ ተናጋሪ የለም። በትንንሽ ቡድን ተቀምጠን እያንዳንዱ አሁን እያስጨነቀው ያለውን አንድ ጉዳይ ያነሳል፣ ያለፈውንና የተወጣውን ጀብዱ አይደለም፣ አሁን ያለውን። ቁጥሩን ይዞ። ሌሎቹ ምክር ከመስጠታቸው በፊት ይጠይቃሉ። ቀረጻ የለም፣ ቃለ ጉባኤ አይያዝም፣ የሰማነውም ከክፍሉ አይወጣም። መናገር ያልፈለገ ይስማ፣ ግዴታ የለም።

ከዚያ በፊት ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሂሳብ ያቀርባል። «ተሰብሳቢ» የሚል መስመር ታያላችሁ፤ የአባልነት መዋጮ ያልከፈላችሁት ናችሁ፣ ስም አይጠራም፣ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። እጅ ካጠራችሁ ዛሬውኑ ጠጋ ብላችሁ ንገሩት፣ በሁለት ጊዜ መክፈልም ይቻላል።

ጉባኤው ተከፍቷል። ገንዘብ ያዥ፣ መድረኩ ያንተ ነው።