ስድስት እንቁላል

ሰላም ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፁ ከረበሻችሁ ይቅርታ፣ ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነው።

ታንዛኒያ ውስጥ፣ ኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር ስላለችው ስለ ማራንጉ ላወራ ነው። አዎ፣ እንደገና። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሞሺው ወዳጄ እናት ሳቅ፣ ኪሊማንጃሮ ጠዋት ለአሥር ደቂቃ ታይቶ ስለሚጠፋው ነገር ሁሉ አውርቼላችኋለሁ። አንድ ነገር ግን ዘልዬ ነበር። ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። ስለ እንቁላሉ።

እሁድ ነው። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን። ስብከቱ አልቋል፣ መዝሙሩ አልቋል፣ ሰው ግን ወደ ቤቱ አይሄድም። ግቢው ውስጥ ይቆማል። ጨረታ አለ። ገንዘብ የሌለው ሰው ያለውን ይዞ ይመጣል። ሙዝ፣ ዶሮ፣ አቮካዶ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ባቄላ። መሠዊያው ፊት ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ደጅ ላይ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል።

እኛ ጋም ጨረታ አለ። ሰፈራችን ያለው ደብር ለንግሥ ጃንጥላ ሲያጫርት ነው ያደግኩት። ሰው ዋጋውን እየሰቀለ፣ እልል እየተባለ። ስለዚህ የማውቀው ነገር መሰለኝ። ያሳሳተኝም እሱ ነው።

አጫራቹ እንቁላሎቹን አነሳ። ስድስት ናቸው። በሙዝ ቅጠል ተደርገው፣ አንዱ ላይ ትንሽዬ ላባ ተጣብቃለች። ያመጣቻቸው አንዲት ቢቢ ናት። ቢቢ በስዋሂሊ አያት ማለት ነው። ከግድግዳው ጥግ ዝቅ ያለች አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

አንድ ሰውዬ «ሁለት ሺ» አለ። በእነሱ ሽልንግ። ማንም አልጨመረም። አጫራቹም ቶሎ ሊዘጋው ነው። እኔ ቢቢን አየኋት። ስለዚያች መበለት ሁለት ሳንቲም አሰብኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሆዴ ባባ። እጄን አወጣሁ። «ሃምሳ ሺ» አልኩ።

ግቢው ዝም አለ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ሁለት ሰከንድ። ሰውየው እጁን አወረደ። ቀስ ብሎ ነው ያወረደው። እኔን አላየኝም። ቢቢን ነው ያየው። እሷም አየችው። ከዚያ አጫራቹ «ማኮፊ!» አለ፣ ተጨበጨበ፣ ሞቅ ብሎ ነው የተጨበጨበው። እንቁላሎቹ እጄ ላይ ደረሱ። ቢቢ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። እጇ ሻካራና ሙቅ ነው። የሆነ ነገር አለች፣ በአካባቢው ሰዎች ቋንቋ፣ በቻጋ ነው፣ አልገባኝም።

ማታ የሞሺው እናት በቲማቲም ጠበሰቻቸው። በላናቸው።

በማግስቱ በዳላዳላ ወደ ሞሺ ከተማ እየወረድን ነው። ዳላዳላ እንደ እኛ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ ወያላው ሳይቀር። ሞሺው በመስኮት እያየ ነገረኝ። ሰውየው በየእሁዱ ነው እንቁላሉን የሚገዛው። ማንም አይጨምርበትም። ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ወደ ቤቱ ሲያልፍ እሷ ደጅ ላይ ትቶላት ይሄዳል። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ገንዘብ ቢሰጧት አትቀበልም።

«ትናንት ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እንግዳ ነሃ» አለኝ።

እንግዳ ነሃ። ይቺ ቃል ናት እስካሁን ያልለቀቀችኝ።

አያችሁ፣ እንቁላሉ ዙሪያውን ነው የሚሄደው። ከእሷ ወደ መሠዊያው፣ ከመሠዊያው ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ እሷ ደጅ። እሷ ሰጪ ናት። ማንም ተመጽዋች አላደረጋትም። እኔ መሃል ገብቼ አቋረጥኩት።

ስመለስ ስለ ቻጋዎች ሳነብ ከረምኩ። ብሩኖ ጉትማን የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነበር፣ ከላይፕዚግ ሚስዮን። በፈረንጆቹ 1902 መጥቶ፣ መሃል ላይ ቢቋረጥም፣ እስከ 1938 እዚያ ሠርቷል። እሱ ምን ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ሰውን ለብቻው ነጥላ አትጥራው ነው የሚለው። ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ እኩያው አሉለት፣ ከእነሱ ጋር ነው የሚቆመው። ሳነበው ያ ሰውዬ ነው የመጣብኝ። እጁ ሲወርድ።

ግን ደግሞ ጉትማን ከመምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1900፣ የጀርመን ጦር አሮጌው ሞሺ ላይ ማንጊ ሜሊን ሰቅሏል። ማንጊ የቻጋ ገዢ ማለት ነው። እሱን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ሰው። ጭንቅላቱን ወደ ጀርመን ወስደውታል ይባላል፣ ዘሮቹ እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። በ2023 በርሊን ካሉት ራስ ቅሎች መካከል የአማካሪው የአኪዳ በዘር ምርመራ ታወቀ፣ የሜሊ ግን አልተገኘም። እና እኔ የሚገርመኝ... ከዚያው አገር የመጣ ሰው የሰበከውን ቃል እንዴት የራሳቸው አደረጉት? እግዚአብሔርን በጥንቱ ስሙ ሩዋ ይሉታል፣ ፀሐይም ሩዋ ነው። ምናልባት አዲስ አምላክ አልመጣባቸውም። ምናልባት... አይ፣ ይሄን ለእነሱ ልተወው። አንድ ሳምንት ቆይቼ ይሄን ልፈታው አልችልም።

ቤቱን ብታዩት ግን። ኪሃምባ ይሉታል፣ የአባት መሬት። ከላይ ሙዝ፣ ከሥሩ ቡና። ቡናውን የካቶሊክ ሚስዮኖች ናቸው ያመጡት፣ ዘሩ ከኛ ነው የተነሳው፣ በየመን በሬዩኒየን ደሴት ዞሮ። አንዷን ቅጠል ይዤ ቆምኩ፣ ጅማ ያለሁ መሰለኝ። ከቡናው መሃል ደግሞ መቃብር፣ መስቀል ያለበት። አያት እዚያው ተቀብሮ፣ ልጅ ከጎኑ ቡና ይለቅማል። ሞሺው መቃብሮቹን አልፎ ሲሄድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሳያውቀው ነው የሚያደርገው።

እና እላለሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሃምሳ ሺ አግኝቷል። ለጣሪያም ቢሆን ይሆናል። ክፉ አልሠራሁም። ሌሊት ላይ ግን ይሄ አያስተኛኝም። ያን ሳምንት እሷ ምን በላች?

ባለፈው ሰኞ ለሞሺው ደወልኩ። ስለ ሥራ ስናወራ ቆየንና፣ «ቢቢ እሁድ መጥታ ነበር?» አልኩት።

«መጥታለች።»

«እንቁላል ይዛ?»

ትንሽ አሰበ። «አይ፣ ሙዝ ነው» አለኝ።

ዶሮዎቹ መጣል አቁመው ይሆናል። ብርድ ሲሆን ያቆማሉ አይደል? እናቴን እጠይቃታለሁ፣ እሷ ታውቃለች። ሙዙን ማን እንደገዛው ግን... አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ዝናቡ ባሰ። እ... ቆይ፣ መስኮቱን...