ኪንደር ላይ ለመውጣት ፈቃድ አያስፈልግም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ተራራ ላወራችሁ ነው።

ተራራ ስላችሁ ራስ ደጀንን እንዳታስቡ። ኪንደር ስካውት ከባሕር ጠለል በላይ 636 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከሱ በሦስት እጥፍ በላይ ከፍ ትላለች። ግን ቁመቱን ሰምታችሁ አትናቁት። ያለው እዚህ እንግሊዝ ውስጥ፣ በማንቸስተርና በሸፊልድ መካከል ነው። ከሥሩ ሄይፊልድ የምትባል የገጠር መንደር አለች። የድንጋይ ቤቶች፣ በመሀል የሚያልፍ ወንዝ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ወዲያ በካብ የተከለለ የበግ ግጦሽ። ከግጦሹ በላይ ዛፍ የሌለው ሰፊ ደጋ ይጀምራል።

ስለዚህ ቦታ ማውራት የፈለግኩት በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ማንቸስተር ውስጥ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ልጅ ወልደው ያሳደጉ ወገኖቼ አሉ። ኪንደር ከቤታቸው ቢርቅ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አብረን እንውጣ ስላቸው ሰበባቸው ብርዱ ወይም ጭቃው አይደለም። «እንዲህ ዝም ተብሎ ይገባል እንዴ? የሰው መሬት አይደለም? ማን ፈቀደልሽ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ስደት ላይ ያለ ሰው በማያውቀው በር ሲገባ ወረቀቱን ያስባል። መልሱን ግን ሄይፊልድ ራሷ ይዛዋለች።

ከመንደሩ ወጥታችሁ ወንዙን ይዛችሁ ትንሽ ስትሄዱ ቦውደን ብሪጅ ትደርሳላችሁ። ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ቦታ ነው፤ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ከአለቱ ግድግዳ ላይ አንድ ጽሑፍ ተለጥፏል። በፈረንጅ አቆጣጠር ሚያዝያ 24 ቀን 1932፣ እሑድ ዕለት፣ ከዚህ የተነሱ ሰዎች ወደ ኪንደር መውጣታቸውን ይናገራል። በእኛ 1924 መሆኑ ነው።

ያኔ ይህ ደጋ ዝግ ነበር። ባለቤቶቹ መሳፍንትና ሀብታሞች ነበሩ። መሬቱን የሚፈልጉት በዓመት ለጥቂት ቀናት ግራውስ የሚባል ቆቅ መሳይ ወፍ ለማደን ነው። በቀረው ጊዜ ዘበኞች በዱላ ይጠብቁታል። ከታች ደግሞ የፋብሪካው ሠራተኛ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ጭስ ሲውጥ ከርሞ ያለችው ቀን እሑድ ናት። ከሰፈሩ ሆኖ ያንን ኮረብታ ያየዋል፤ መርገጥ ግን አይችልም።

ያን እሑድ 400 ያህል ወጣቶች ተሰብስበው ወጡ። ከፊት ሆኖ የመራቸው ቤኒ ሮዝማን የሚባል የማንቸስተር ልጅ ነው። ዕድሜው 20 ነበር። ወላጆቹ ከሩማንያ የመጡ አይሁዶች ናቸው። አዎ፣ የስደተኛ ልጅ ነው! ዳገቱ ላይ ከዘበኞቹ ጋር ግብግብ ተፈጠረ። ከወዲያ በኩል ከሸፊልድ የተነሱትም መጥተው አናት ላይ ተገናኙ። ሲመለሱ ፖሊስ ሄይፊልድ ላይ ጠበቃቸው። ስድስት ሰው ተያዘ። ክሱ መሬት ረገጣችሁ የሚል አልነበረም፤ ሁከት ፈጠራችሁ የሚል ነው። ጥፋተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም ብለው ከሚወስኑት ሰዎች፣ ከጁሪው መካከል ጄኔራሎችና ኮሎኔሎች ነበሩበት። አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ሮዝማን አራት ወር ታሰረ።

ፍርዱ ከእግር ጉዞው ይልቅ አገሩን አስቆጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ ተለወጠ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ። በ1951 ይኸው አካባቢ፣ ፒክ ዲስትሪክት፣ የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2000 ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ ተራራና ደጋ ላይ ማንም ሰው በእግሩ እንዲሄድ የሚፈቅድ ሕግ ጸደቀ። በ2002 የያኔው የዴቮንሸር መስፍን እዚያው ቦውደን ብሪጅ ላይ ቆሞ፣ አያቱ ስላደረጉት ነገር በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ሮዝማን ይህን አልሰማም። ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዐርፏል። ይቺ ነገር ሁሌ ታንገበግበኛለች።

እና «ማን ፈቀደልሽ?» ለሚሉኝ መልሴ ይኼ ነው። እነዚያ የፋብሪካ ልጆች ታስረውበት የመጣ ሕግ ነው የፈቀደልኝ። ሕጉ ፓስፖርት አይጠይቅም፤ የተወለድሽው የት ነው አይልም። ሁሉም መሬት ተከፍቷል ማለቴ ግን አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እንደ ልብ የሚኬድበት መሬት 8 በመቶ ገደማ ነው። ኪንደር ከዚያ ውስጥ ነው።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ከቦውደን ብሪጅ ወጥታችሁ ትንሽ ዳገት ስትጨርሱ የኪንደር ግድብ ከታች ይታያል። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የግድብ ውኃ ነው፤ የተሠራው ለስቶክፖርት ከተማ ነው። የግድቡ አፈር ሣር ስለለበሰ ሰው የሠራው አይመስልም። ነፋስ በሌለበት ቀን ደጋው በሙሉ ውኃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። መንገዱ በጎኑ ዞሮ ዊልያም ክላፍ ወደሚባል ሸለቆ ይገባል። እዚያ ጅረቱን ደጋግማችሁ እየተሻገራችሁ ነው የምትወጡት። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ቀስ በሉ።

ላይ ስትደርሱ ሌላ ዓለም ነው። እኔ ያደግኩት ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነው፤ ጉሙና ውርጩ አዲስ አልሆነብኝም። የገረመኝ ተክሉ ነው። ደጋውን የሸፈነው ቁጥቋጦ ሄዘር ይባላል። ከኛ አስታ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። የኛው ዛፍ ይሆናል፤ የነሱ ከጉልበት አያልፍም። ቅጠሉን ግን በጣታችሁ ስትዳብሱት ያ ደቃቃ፣ ጠንከር ያለ ቅጠል ራሱ ነው። በኦገስት ደጋው በሙሉ ወይን ጠጅ ይሆናል።

ከሄዘሩ ሥር ጥቁር አፈር አለ፤ ፒት ይሉታል። በሺህ ዓመታት ውስጥ ሳይበሰብስ የተከማቸ ተክል ነው። ያንን የሚሠራው ስፋግነም የሚባል አጭር የረግረግ ተክል ነው። አንድ ጊዜ ተንበርክኬ በእፍኜ ያዝኩትና ጨመቅኩት። ውኃው በክርኔ በኩል እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ሳላቋርጥ ብጨምቀውም ይንጠባጠባል። እጄ ላይ የቀረው ገርጣ ያለ አረንጓዴ ጭራሮ ነው፤ ክብደት የለውም። የራሱን ክብደት እስከ 20 እጥፍ ውኃ ይይዛል ይባላል። ያንን ካየሁ በኋላ አምኛለሁ።

ችግሩ ስፋግነሙ ከዚህ ደጋ ጠፍቶ ነበር። ከማንቸስተርና ከሸፊልድ ፋብሪካዎች የተነሳው የከሰል ጭስ ከዝናብ ጋር እየወረደ ገደለው። እሳትና ግጦሽም ተጨመረበት። አፈሩ ራቁቱን ቀረ፤ ዝናብ እየቦረቦረ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ቦይ አወጣበት። ያ ጥቁር አፈር የሚታጠበው ወደ ግድቦቹ ነው። አሁን ቦዮቹን በድንጋይና በእንጨት እየገደቡ፣ ስፋግነሙን ችግኝ በችግኝ መልሰው እየተከሉ ነው። ውኃው ደጋው ላይ ሲቆይ ጎርፍ ይቀንሳል፤ ካርቦኑም መሬት ውስጥ ይቀራል። አገር ቤት እርከን የሠራ ሰው ይህ ሥራ ወዲያው ይገባዋል።

ከጫፉ ጋር ስትሄዱ ኪንደር ዳውንፎል ትደርሳላችሁ። ወደ 30 ሜትር የሚወርድ ፏፏቴ ነው። የምዕራብ ነፋስ ሲበረታ ውኃው መውረዱን ትቶ ወደ ላይ ይረጫል። ከሩቅ ጭስ ይመስላል። ቀርባችሁ ከቆማችሁ ትበሰብሳላችሁ፤ እኔ ግን ቀርባችሁ ቁሙ ነው የምለው።

ከደጋው ወዲያ ማዶ፣ በሸፊልድ በኩል ሌሎች ግድቦች አሉ፤ ሃውደን፣ ደርወንትና ሌዲባወር። ስለ ሌዲባወር ሳላወራ አላልፍም። ውኃው ሥር ሁለት መንደሮች አሉ፤ ደርወንትና አሾፕተን። ሰዎቹ ተነሱ። የደርወንት ቤተ ክርስቲያን መቃብር ተቆፍሮ አፅሙ ወደ ባምፎርድ ተወሰደ። ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ግድቡን የመረቁት በ1945 ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ማማ እስከ 1947 ከውኃው በላይ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ በፈንጂ አፈረሱት። በ2018 እና በ2022 ድርቅ ሲሆን ውኃው ሸሽቶ የደርወንት የቤት ፍርስራሽ ወጣ። ሰው ለማየት ጎረፈ። እኔ ውኃው ዳር ስሄድ ስለ ግድቡ ውበት ብቻ ማውራት አልችልም። ሸፊልድ፣ ደርቢ፣ ኖቲንግሃምና ሌስተር ያሉ ወገኖቼ ቧንቧ ሲከፍቱ የሚጠጡት ከዚህ ነው። የነዚያ ሰዎች ደጃፍ ነበር። ስማቸውን ማንሳት ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ከማንቸስተር ወደ ሸፊልድ የሚሄደው ዝግ ያለ ባቡር ኢዴል ላይ ይቆማል፤ ኪንደርን ከወዲያኛው ጎን መውጣት ይቻላል። ወደ ሄይፊልድ ደግሞ አውቶቡስ አለ። ጫማው ውኃ የማያስገባና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን። ታች ፀሐይ ቢሆንም የዝናብ ልብስ ያዙ። አናቱ ሜዳ ስለሆነ ጉም ከወረደ አቅጣጫ ይጠፋል፤ ስልክ አንዳንድ ቦታ አይሠራም። ካርታ ያዙ፣ ማንበብ ከሚችል ሰው ጋር ውጡ። የካብ በር ከፍታችሁ ከገባችሁ መልሳችሁ ዝጉ፤ በጎች አሉ። ለቋጠሮ በሶ ይበቃል፤ ፔርሙዝ ሻይ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው።

ማንቸስተርና አካባቢው ያላችሁ ጻፉልኝ። ሄዘሩ ሲያብብ፣ ኦገስት ላይ ከሄይፊልድ ተነስተን አብረን እንወጣለን። ልጆቻችሁንም አምጡ። ቦውደን ብሪጅ ላይ ቆመን ያንን ጽሑፍ እናንብብላቸው፤ ሮዝማን ማን እንደነበረም እነግራቸዋለሁ።

ሰላም ሁኑ።