ሙቀቱ ነው

ሰላም አድማጮቼ፤ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ የማወራው ስለ ራሴ ሰበብ ነው።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከምሳ በኋላ ከተማው በሩን ገርበብ አድርጎ ጋደም ይላል። እኔም ለስድስት ዓመት ከሰዓት በኋላዬን በበርጫ፣ ጫት በመቃም፣ አሳለፍኩ። «ለምን አትተወውም?» ስባል መልሴ አንድ ነበር፦ «በዚህ ሙቀት ምን ይሠራል?» ውሸት አልነበረም። ግንቦት ላይ በከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ላቡን ይጠርጋል። ሰበብን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይኸው ይመስለኛል፤ እውነት አለበት። ፈጽሞ ውሸት ቢሆን ኖሮ ባለቤቴ ገና ድሮ ባፋጠጠችኝ ነበር።

ከዚያ ሥራ ለሦስት ወር ሐረር ወሰደኝ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ በሚኒባሱ መስኮት ቀዝቃዛ ነፋስ ሲገባ ደስ አለኝ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ሙቀቱ ወደ ኋላ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ግን ከጀጎል ግንብ ውጭ በተከራየሁት ክፍል ትራስ ተደግፌ እቅማለሁ። «እንግዳ ነኝ፤ ያለ በርጫ ከማን ጋር እጫወታለሁ? የጫቱ ገበያ አወዳይስ እዚሁ አፍንጫችን ሥር አይደለም?» እያልኩ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ሙቀቱን ድሬ ትቼው መጥቻለሁ፤ ሰበቡ ግን አብሮኝ ደንገጎን ወጥቷል።

ያን ሌሊት ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ። በምርቃና ሰዓት የማይቻል ነገር የለም፤ ሰው ቤት ሠርቶ፣ ዕዳ ከፍሎ፣ ልጅ ድሮ ይነሣል። አራት ገጽ ላይ፣ በአራት የተለያየ ብዕር፣ «ከሰኞ ጀምሮ ልጄን አስጠናለሁ» ይላል። ጽሑፉ ያምራል። ስጽፈው እንደ ሠራሁት ቆጥሬው ኖሯል።

ድሬ ስመለስ ሙቀቱ ጠበቀኝ። ሐራራው ቀላል ነበር አልላችሁም፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ቤተሰቤ በቁጣዬ ተሳቅቋል፤ ይህን ሳስበው አሁንም ያመኛል። ልጄ ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ ዛሬም በርጫ አለህ?» አለችኝ። «የለኝም» አልኳት። አላመነችኝም፤ ደብተሩን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆማ ቀረች።

አሁን ወለሉ ላይ ውኃ ረጭተን፣ ምንጣፍ ዘርግተን እናጠናለን። ሙቀቱ አልቀነሰም፤ ላቧ ደብተሩ ላይ ይንጠባጠባል። የስድስትን ብዜት ጨርሰናል፤ ሰባት ላይ ትደናቀፋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤ በሩ ላይ ቆማለች። እዚህ ላይ ላቁም።