ምንጣፉ ሲበላሽ ሸማኔውን ከመቆጣታችሁ በፊት

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ጠዋት። የሱፍ ምንጣፍ የሚሠራበት ግቢ።]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናወራው ስለ ካይዘን ነው፤ ሥራን ሳያቋርጡ በጥቂት በጥቂቱ ስለማሻሻል የጃፓን ዘዴ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሥልጠናው ከፋብሪካ አልፎ መሥሪያ ቤቶችም ገብቷል። ብዙ ቦታ ግን የቀረው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ የሥራ ቦታ ማደራጃ እርምጃዎች። ግቢው ይጠረጋል፣ የተሰበረው ወንበር ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ወር ሳይሞላ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። ትልቁ ጥቅም ያለው ከጽዳቱ በኋላ ነውና።

በምሳሌ እንየው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። የመንዝ በግ ሱፍ ባናና ዝተት ሆኖ ስንቱን ከዚህ ብርድ አስጥሏል። እዚችው ከተማ ውስጥ አንድ አነስተኛ የሱፍ ምንጣፍ ማምረቻ አለ እንበል። ደንበኛ ምንጣፍ እየመለሰ አስቸግሯል። ኃላፊው ሸማኔዎቹን ሰብስቦ ይቆጣል፦ «ልብ ብላችሁ አትሠሩም እንዴ?» እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። በሳምንቱ ሌላ ምንጣፍ ይመለሳል።

[ምስል፦ በመስመር የተከፋፈለ ወረቀትና እስክሪብቶ።]

ቁጣውን እንተወውና እንቁጠር። አንድ ወረቀት በመስመር ይከፈላል። በግራ የብልሽቱ ዓይነት ይጻፋል፦ የተጣመመ ጠርዝ፣ የተቀላቀለ ቀለም፣ የተበጠሰ ክር፣ ያልተስተካከለ ውፍረት። ከላይ ቀናቱ ይደረደራሉ። ብልሽት በተገኘ ቁጥር አንድ ጭረት። ወረቀቱ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም፤ ሥራው አጠገብ ይለጠፋል። ደግሞ አደራ፣ የሠራተኛ ስም አይጻፍበት። ስም ከተጻፈ ሰው ብልሽቱን ይደብቃል፤ ያኔ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ወሩ ሲያልቅ ጭረቱ ይደመርና ከብዙው ወደ ጥቂቱ ይደረደራል። የፓሬቶ ሰንጠረዥ የሚባለው ይኸው ነው። ከ40 ብልሽት 26ቱ የተበጠሰ ክር ሆኖ ተገኘ እንበል። እንግዲያው ጠርዙና ቀለሙ ለጊዜው ይቆዩ። መጀመሪያ ክሩ።

ቀጥሎ የችግሩን ምክንያት ለመፈለግ ጃፓናዊው የጥራት ባለሙያ ካኦሩ ኢሺካዋ የሠራበት የዓሣ አጥንት ሥዕል ይመጣል። ጭንቅላቱ ላይ ችግሩ፣ አጥንቶቹ ላይ ደግሞ ሰው፣ መሣሪያ፣ ጥሬ ዕቃ፣ አሠራር ይጻፋሉ። ሥዕሉን ኃላፊው ብቻውን ቢሮው ውስጥ ከሣለው ጥቅም የለውም። ክሩን በእጃቸው የሚነኩት ሰዎች አብረው መቀመጥ አለባቸው። እዚያው ላይ «ለምን» እየተባለ ይጠየቃል።

[ምስል፦ ኃላፊው ከአንዲት አንጋፋ ፈታይ ጎን ተቀምጦ።]

«እትዬ፣ ክሩ ለምን ይበጠሳል?»
«መሀል መሀሉ ይቀጥናል፣ ልጄ።»
«ለምን ይቀጥናል?»
«ሱፉ ሲበጠር እየተቋጠረ አስቸገረን።»
«ለምን ይቋጠራል?»
«እርጥብ ነዋ!»
«ለምን ሳይደርቅ ገባ?»
«ክረምት አይደል? ፀሐይ የለ። ማስጫውም ጣራ የለውም። ዝናብ ሲመጣ እንደነገሩ ሰብስበን እናስገባዋለን።»

አያችሁ? ሸማኔው ያለ ጥፋቱ ነው ሲሰደብ የከረመው። ጉዳዩ የማስጫው ጣራ ነው። ጣራ ደግሞ ሸማኔ አያሠራም፤ ገንዘቡንም ፈቃዱንም የያዘው ኃላፊው ነው። አሜሪካዊው የጥራት ባለሙያ ኤድዋርድ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ የኩባንያ አለቆችን ያስተማረው ስለዚሁ ነበር። ጥራት የአለቃው ኃላፊነት ነው፤ አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከአሠራሩ ነው ይል ነበር። እኔም በዚህ አምናለሁ። ሠራተኛን መውቀስ ወጪ ስለሌለው ብቻ ቶሎ እንሮጥበታለን።

ብክነትንም እንዲሁ እዩት። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ሰባት ዓይነት ለይቶ አስቀምጧል፤ ብልሽት አንዱ ነው፤ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ ያለ ሥራ መጠበቅ፣ ዕቃ ፍለጋ መንከራተት ሌሎቹ ናቸው። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ መጠበቅ ነው፤ በተለይ በመሥሪያ ቤት። ከመንዝ ሌሊት ተነስቶ ለአንድ ፊርማ የመጣ ገበሬ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ» ይባላል። የአልጋ ይከፍላል፣ የትራንስፖርት ይከፍላል፣ የእርሻ ቀኑም ያልፋል። ይህን የሚመዘግብ ቅጽ ግን የለም። አንድ መዝገብ ቤት «ዛሬ ስንት ሰው ሳይስተናገድ ተመለሰ? በምን ምክንያት?» ብሎ ጭረት ቢይዝ፣ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሠራተኛ ይሁን ወይስ ተተኪ ፈራሚ፣ በአንድ ወር ይለያል።

[ምስል፦ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ማስጫ፤ ከሥሩ ሱፍ ተሰጥቶ።]

ወደ ምንጣፉ። ጣራው ከተሠራ በኋላ ያው የጭረት ወረቀት እንደገና ይለጠፋል፤ ያው ዓምድ፣ ያው አቆጣጠር። የተበጠሰው ክር ከቀነሰ «ያልደረቀ ሱፍ ማበጠሪያ አይገባም» የሚለው የሥራ መመሪያ ሆኖ ይጻፋል፤ አዲስ ሠራተኛም ሲቀጠር ከመጀመሪያው ቀን ይማረዋል። ካልቀነሰም ማንም አይሰደብም። ሥዕሉ ላይ ያልተነካ አጥንት አለ፤ ምናልባት ማበጠሪያው ራሱ አርጅቶ ይሆናል። ወደሱ ነው የሚኬደው።